ስለ አትክልተኛ ምክርና ስለ አፈር ልዩነት

አባቶቻችን «ምከረው ምከረው፥ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይላሉ። ይህ ቃል ምክርን ስለ ናቀ ሰው የተነገረ ነው፤ ፍርዱም ቅን ነው። ነገር ግን ሌላ ሰው አለ፤ ምክርን የሰማ፥ እሺ ያለ፥ እንደ ተነገረውም አድርጎ መከራን ያገኘ። ስለዚህ ሰው ተረቱ ዝም ብሏል። እንቢ ያለውን መከራ የሚመክረው ከሆነ፥ እሺ ብሎ የተጎዳውንስ ማን ይምከረው? ጥፋቱስ የማን ነው? የመካሪው ነውን፥ የተመካሪው ነውን፥ ወይስ የማንም አይደለም?

ይህ ጥያቄ ለሸንጎና ለፍርድ ቤት ብቻ የሚገባ ይመስላል። ዳሩ ግን ከጓሮ አትክልት ይልቅ ጥርት ብሎ የሚታይበት ስፍራ አይገኝም። ስለዚህ በጣና ሐይቅ ዳር ጽጌረዳና ጎመን፥ ሽንኩርትና ቲማቲም ስለሚተክሉ ሰዎች፥ እርስ በርሳቸውም ስለሚሰጣጡት ምክር ጥቂት እንናገራለን።

በባሕር ዳርና በዙሪያዋ ጓሮ ያለው ሰው ጓሮውን ባዶ ሊተወው አይወድም። ሰዎችም በተገናኙ ጊዜ፥ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላም ቢሆን፥ በሰንበቴና በማኅበር ቢሆን፥ በገበያም ቢሆን፥ ከሰላምታ ቀጥለው ስለ ዝናቡና ስለ ተክሉ ይጠያየቃሉ። አንዱ ከጽጌረዳው ቅርንጫፍ ቈርጦ ለወዳጁ ይሰጣል፤ አንዲቱ የጎመን ዘር በጨርቅ ቋጥራ ለጎረቤቷ ትልካለች። ዘሩም ብቻውን አይሄድም፤ ምክር ይከተለዋል። «እንዲህ አድርገህ ትከለው፥ ይህን አብላው፥ ያን አታስነካው» ይባላል። ዋጋም አይጠየቅበትም። ይህ ልማድ እጅግ መልካም ነው፤ መልካምም ስለ ሆነ ነው ልንመረምረው የሚገባን፤ ሰው ከጠላቱ የመጣውን ምክር ይመረምራልና፥ ከወዳጁ የመጣውን ግን ሳይመረምር ይቀበላል።

የጣና ዳር አንድ አፈር አይደለም። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር በሚያህል ከፍታ ላይ ተዘርግቷል፤ በደቡብ ዳርቻውም በባሕር ዳር በኩል ዐባይ ከእርሱ ይወጣል። በዙሪያው ያሉ ሰዎች በአንድ ክረምት እየዘነበላቸው፥ በአንድ ገበያ እየተገናኙ፥ በልዩ ልዩ ምድር ላይ ይተክላሉ። ከከተማዪቱ ወደ ደቡብ፥ ወደ መራዊና ወደ አዴት በሚወስደው አገር፥ ቀይ አፈር ይበዛል። ይህ አፈር ለመቈፈር ይቀላል፥ ውሃንም ቶሎ ያሳልፋል፤ ነገር ግን ለብዙ ዘመን የወረደው ዝናብ ኖራውን አጥቦ ስለ ወሰደበት በብዙ ስፍራ የኮመጠጠ፥ አሲዳማ የሚባለው ዓይነት ነው። ከሐይቁ በስተምሥራቅ፥ ርብና ጉማራ በሚያልፉበት በፎገራ ሜዳ፥ ጥቁር ዋልካ ተኝቷል። ዋልካ በክረምት ያብጣል፥ ውሃውንም ይዞ አይለቅም፤ በበጋ ደግሞ ደርቆ እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል። በሐይቁ ጠርዝ ደግሞ ውሃው በመስከረም ከሞላ በኋላ እስከ ግንቦትና እስከ ሰኔ እየሸሸ ሲሄድ የሚለቀው ደለል አለ፤ ለምነቱ ብዙ ነው፥ ነገር ግን ጥቂት ቢቈፍሩት ውሃ ይገኝበታል። የዘጌ ባሕረ ገብ ምድር ደግሞ ከነዚህ ሁሉ ይለያል፤ በዚያ እንደ ገዳማቱ ወግ በሬ ጠምዶ ማረስ የተከለከለ ስለ ሆነ፥ ቡናውና ጌሾው በዛፍ ጥላ ሥር፥ በወደቀ ቅጠል ብስባሽ ላይ ይበቅላል። በፎገራ ምድሩ በበሬ ይታረሳል፤ በዘጌ ደግሞ ደኑ እስከ ዛሬ የቆመው በሬ ስላልገባበት ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው፥ በየስፍራቸው።

የዘሪውን ምሳሌ የሚያውቅ ሰው ዘሩ አንድ ሳለ ምድሩ አራት ዓይነት እንደ ነበረ ያስታውሳል። ፍሬው የተለያየው በዘሩ ምክንያት አልነበረም።

አሁን እኛም አንድ ምሳሌ እናድርግ። በቀይ አፈር ላይ የምትኖር አንዲት እናት አለች እንበል፤ ጽጌረዳዋ ያማረ ነው። ከፎገራ የመጣ ዘመዷ አይቶ፥ «እትዬ፥ ይህን ጽጌረዳ ምን ቢያበሉት ነው እንዲህ ያማረው?» ብሎ ጠየቃት። እርሷም፥ «የምድጃ አመድ ነው ልጄ፤ አንድ አንድ እፍኝ ከሥሩ ዙሪያ እበትንለታለሁ» አለችው። እውነቷን ነው። የእንጨት አመድ ኖራና ፖታሽ አለበት፤ ስለዚህ የኮመጠጠውን አፈር ያለዝባል። በኮምጣጣ ቀይ አፈር ውስጥ ፎስፎር የሚባለው የተክል ምግብ ከብረትና ከአሉሚኒየም ጋራ ተጣብቆ ይታሰራል፥ ሥርም ሊያገኘው አይችልም፤ ኮምጣጣነቱ ሲቀንስ ግን የታሰረው ይፈታል።

ዘመድየውም ወደ አገሩ ተመልሶ እንደ ተነገረው አደረገ። የርሱ ጓሮ አፈር ግን ጥቁር ነው፤ አልኮመጠጠም፥ ኖራም አልጐደለውም። አመዱ በላዩ ሲደረብበት አፈሩ ከልክ ያለፈ ኖራማ ሆነ። እንዲህ ባለ አፈር ደግሞ ብረት ቢኖርም ለሥር አይገኝም። ስለዚህ የጽጌረዳው ለጋ ቅጠል ጅማቱ አረንጓዴ እንደ ሆነ ቀረ፥ መካከሉ ግን ቢጫ ሆነ። ሰውየው ቢጫነቱን ባየ ጊዜ ተክሉ የተራበ መሰለውና አመዱን ጨመረበት።

እንግዲህ ከሁለቱ ሐሰተኛ የሚባል ማን ነው? እርሷ ያየችውን ተናገረች፤ እርሱ የሰማውን አደረገ፤ አመዱም ያው አመድ ነው። እርሷ ያልተናገረችው፥ እርሱም ያልጠየቀው አንድ ነገር ብቻ አለ፤ ይኸውም አፈሩ ነው።

ነገሩ በአመድ ብቻ የሚፈጸም አይደለም። ካሮት በአሸዋማና በልቅ አፈር ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ በዋልካ ግን መንገድ አጥቶ ሁለትና ሦስት እግር ያወጣል። ጥቅል ጎመን ደግሞ ርጥበት የሚይዝ ከባድ አፈርን አይጠላም። በቀይ አፈር ላይ ጕድጓድ ቈፍሮ፥ የበሰበሰ ፍግ ከአፈሩ ጋራ ቀላቅሎ ጽጌረዳን መትከል መልካም ነው። በዋልካ ላይ ያንኑ ጕድጓድ የቈፈረ ሰው ግን የክረምትን ውሃ የሚያቍር ገንቦ ሠርቶ ሥሩን በውስጡ አሰጠመው፤ በዚያ ያለ ሰው አፈሩን ወደ ላይ ከምሮ፥ ውሃ የሚወርድበት ቦይ ያለው ከፍ ያለ መደብ መሥራት ይገባዋል። ጊዜም እንዲሁ ይለያል። በዘመነ ጽጌ፥ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባለው ጊዜ፥ ቀይ አፈር ለዶማ ይመቻል፤ ዋልካው ግን ገና ከክረምቱ ውሃ አልተላቀቀም። «በጽጌ ትከል» የሚል ምክር እንኳ ለአንዱ ጥበብ፥ ለሌላው ጭቃ ነው።

ከፍታም እንደ አፈር ይቈጠራል። ጽጌረዳን ለውጭ ገበያ የሚያመርቱ ሰዎች ይህን በሚገባ ያውቃሉ። በሆለታ ደጋ የሚበቅለው ጽጌረዳ በዝግታ አድጎ አበባው ትልቅ ይሆናል፤ ከሆለታ ዝቅ ባለው በዝዋይ የሚበቅለው ግን ቶሎ ቶሎ ያብባል፥ በቍጥርም ይበዛል፥ የአበባው ራስ ግን ያንሳል። ስለዚህ በባሕር ዳር ያለ ሰው ከአዲስ አበባ ከወዳጁ ቅርንጫፍ ተልኮለት አበባው እንደዚያኛው አልሆነም ብሎ እጁን ቢረግም፥ የቁርና የሙቀት ሥራ የሆነውን ነገር በራሱ ላይ መፍረዱ ነው።

ጽጌረዳ ለአገራችን እንግዳ ብቻ እንዳልሆነ ደግሞ ልናስታውስ ይገባል። በደጋና በወይና ደጋ በየአጥሩና በየገደሉ ጥግ የሚበቅለው፥ ነጭ አበባ የሚያወጣው፥ ፍሬውንም እረኞች የሚበሉት ቀጋ እርሱ ራሱ የጽጌረዳ ወገን ነው። የሥነ ዕፅ ሊቃውንት ሮዛ አቢሲኒካ ብለው ሰይመውታል፤ ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ የሚበቅል ጽጌረዳ እርሱ ብቻ እንደ ሆነም ይጽፋሉ። ማንም ያላጠጣው፥ ማንም አመድ ያልበተነለት ቀጋ በስፍራው ያብባል፤ ስፍራውን በብዙ ዘመን ለምዶታልና። የጓሮውን ጽጌረዳ ግን ስፍራ የመረጥንለት እኛ ነን። ስፍራን የመረጠ ሰው ደግሞ ስለ ስፍራው ይጠየቃል።

ከዚህ ወደ ዋናው ነገር እንድረስ። ልምድ ምስክርነት ነው እንጂ ትእዛዝ አይደለም። ምስክር በዳኛ ፊት በቀረበ ጊዜ፥ «የት ሆነህ አየህ? መቼ አየህ? ምን ያህል ቀርበህ ነበር?» ይባላል። ስፍራውንና ጊዜውን ያልተናገረ ምስክር፥ ያየው እውነት ቢሆን እንኳ ቃሉ አይያዝለትም። የአትክልተኛም ነገር እንዲሁ ነው። «አመድ ለጽጌረዳ መልካም ነው» ማለት ትእዛዝ ነው፤ «እኔ በቀይ አፈር ላይ፥ ውሃ በማይተኛበት ተዳፋት፥ አመድ አድርጌ አምሮልኛል» ማለት ግን ምስክርነት ነው። ፊተኛው አጭር ነው፥ የሊቅ ቃልም ይመስላል፤ ኋለኛው ረዥም ነው፥ የተራ ሰው ወሬም ይመስላል። ነገር ግን ከፊተኛው ላይ የተቈረጠው ቃል እውነቱን ይዞት የነበረው ቃል ነው። ስለዚህ ሰው ሐሰት ሳይናገር ባልንጀራውን ሊያስት ይችላል። ይህም የሚሆነው እውነትን ከበቀለችበት አፈር ነቅሎ ሲሰጥ ነው።

የቅኔ ተማሪ ይህን ነገር ያውቀዋል። ዋሸራ፥ ጎንጅ፥ ዋድላ የሚባሉ የቅኔ ቤቶች አሉ፤ ሁሉም ግእዝን ይዘው፥ ሁሉም ሰምና ወርቅን ይዘው፥ የየራሳቸው አካሄድ አላቸው። ተማሪ ከአንዱ ጉባኤ ወደ ሌላው በተሻገረ ጊዜ የፊተኛውን ቤት አካሄድ በኋለኛው ላይ ሕግ አድርጎ ቢያቆመው ይነቀፋል፤ «በዚያ ቤት እንዲህ ይላሉ» ብሎ ቢናገር ግን ጉባኤውን ያበለጽጋል። ዕውቀቱ ያው ነው፤ ልዩነቱ የቤቱን ስም መጥራትና አለመጥራት ብቻ ነው።

ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ ስንመረምር ደግሞ አንድ ከባድ ነገር እናገኛለን። መካሪ ሲስት የሚከፍለው ተመካሪው ነው። ምክር ለሰጪው ርካሽ ናት፤ ለተቀባዩ ግን አንድ ወቅት፥ አንድ መደብ፥ አንድ ዘር ታስወጣዋለች። ይህም ዋጋ ለሁሉ እኩል አይደለም። ጽጌረዳ የጠወለገበት ሰው ያዝናል፤ ሽንኩርት የጠፋበት ሰው ግን ይበደራል። ሽንኩርቷን ሸጣ የልጆቿን ደብተር የምትገዛ ሴት ምክር ስትጠይቅ፥ ለጌጥ የሚተክል ባለ ደመወዝ እንደሚጠይቀው ያለ ጥያቄ አይደለም የጠየቀችው። እንግዲህ የምክር ክብደት የሚለካው በመካሪው ዕውቀት ብቻ ሳይሆን፥ ተመካሪው ሊያጣ በሚችለው ነገር ጭምር ነው።

«እንግዲያስ ዝም ማለት ይሻላል» የሚል ሰው አይጠፋም። ዝምታ ግን ንጹሕ አይደለም። የነጭ ሽንኩርትን ሥር እንደ ጥጥ በሆነ ነጭ ነገር ሸፍኖ የሚያበሰብስ ሻጋታ አለ፤ ጥቃቅን ጥቁር ቅንጣቶቹ ሽንኩርት ባይተከልበት እንኳ በአፈር ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሊቈዩ ይችላሉ። ይህ በሽታ የገባበት ሰው ነገሩን ደብቆ ከመደቡ ነጭ ሽንኩርት ለዘር ቢሰጥ፥ በአንድ እፍኝ ስጦታ ውስጥ የ20 ዓመት ደዌ ቋጥሮ ሰጠ። ሰው ያማረለትን ይናገራል፥ የጠፋበትን ግን ያፍርበታልና ይሸሽጋል። በዚህ ምክንያት በየማኅበሩ የሚሰማው ወሬ ሁሉ የማማር ወሬ ይሆናል፤ ሰሚውም የጠፋበት እርሱ ብቻ ይመስለዋል። ስለዚህ የጠፋውን መናገር ዘር ከመስጠት የሚበልጥ ምጽዋት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ዝም የሚል ሰው ይህን ምጽዋት ከለከለ።

ስጦታ ስፍራውን ሳያውቅ ሲሄድ ምን እንደሚያደርስ ለማየት ከጣና ርቀን መሄድ አያስፈልገንም። እንቦጭ የሚባለው የውሃ አረም ትውልዱ በደቡብ አሜሪካ በአማዞን ወንዝ አገር ነው። ወይን ጠጅ የመሰለው አበባው ስለሚያምር ሰዎች ለኵሬአቸው ጌጥ እያሉ ከአገር ወደ አገር ወሰዱት። በተወለደበት ውሃ የሚበሉት ነፍሳት ስላሉ ልኩን አያልፍም፤ እነርሱ በሌሉበት ውሃ ግን ልክ የለውም። በጣና ላይ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2011 ዓ.ም. መታየቱ ተነገረ፤ ከዚያም በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ በሰፊው ተንጣለለ፤ የታንኳ መንገድና የዓሣ ማጥመጃ ዘጋ፥ የዳር ገበሬውንም ምድር ያዘ። ሕዝብም በእጁ እየነቀለ ታገለው። አስቀድሞ ያን ተክል ለወዳጁ የሰጠ ሰው ክፉ ሰው አልነበረም፤ አበባ ነው የሰጠው። እንቦጭ ደግሞ ከሚበረታባቸው ነገሮች አንዱ ከየማሳውና ከየከተማው ታጥቦ የሚወርደው ማዳበሪያና ፍሳሽ ነው። ስለዚህ በሐይቁ ዳር «ማዳበሪያ ጨምርበት፥ ቢበዛ አይጎዳም» ብሎ የሚመክር ሰው ሁለት ሰዎች ብቻቸውን የሚነጋገሩ አይምሰለው። ሐይቁ ያልተጠየቀ ሦስተኛ ጎረቤት ነው፤ ዕዳውም በኋላ በእርሱ ላይ ይወድቃል።

የሚጠይቅ ሰውም የራሱ ግዴታ አለበት። አፈሩን ሳያውቅ ምክር የሚለምን ሰው፥ ቁመቱን ሳያስለካ ልብስ የሚያሰፋ ሰው ነው። አፈርን ለማወቅ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ሲሶውን አፈር አድርጎ ጠርሙስን በውሃ ይሙላ፥ በብርቱ ይነቅንቀው፥ ያስቀምጠውም። አሸዋው በአንድ ደቂቃ ያህል ይወርዳል፤ ደለሉ በጥቂት ሰዓት ይረጋል፤ ሸክላው ግን እስከ ማግሥቱና ከዚያም በላይ ውሃውን እንዳደፈረሰ ይቈያል። ዳግመኛም አንድ ክንድ የሚያህል ጕድጓድ ቈፍሮ ውሃ ይሙላበት፤ በማግሥቱ ውሃው ቆሞ ከተገኘ ያ ስፍራ ከፍ ያለ መደብ ካልተሠራለት በቀር ለጽጌረዳ አይሆንም። ኮምጣጣነቱን ደግሞ ፒኤች በሚባለው መለኪያ ባለሙያ ቢያይለት ይሻላል፤ 7 መካከለኛው ነው፥ ከእርሱ በታች ያለው ወደ ኮምጣጣ ያዘነበለ ነው፤ ጽጌረዳም ከ6 እስከ 6.5 ያለውን ይወዳል። ይህን ሁሉ ካደረገ በኋላ እንኳ አዲስ ምክር ሲሰማ አስቀድሞ በአንድ ተክል፥ በአንድ ጥግ ይፈትነው፤ ያለውን መደብ ሁሉ ለአንድ ቃል አሳልፎ አይስጥ።

እንግዲህ ፍርዱ እንዲህ ይመስለናል። መካሪው አፈሩን፥ ውሃውን፥ ከፍታውን፥ ጊዜውን፥ የጠፋበትንም ጭምር ተናግሮ ከሆነ፥ ተመካሪውም የራሱን ምድር መርምሮ በጥቂቱ ፈትኖ ከሆነ፥ ከዚያ በኋላ የሚደርሰው ጥፋት የማንም በደል አይደለም፤ የበረዶና የዝናብ፥ የትልና የዋግ ነገር ነው። መካሪው አፈሩን ሳይናገር ትእዛዝ ሰጥቶ ከሆነ ግን፥ በልቡ ደግ ቢሆንም ባለዕዳ ነው። ዕዳውም በገንዘብ የሚከፈል አይደለም። ተነሥቶ ወደዚያ ሰው ጓሮ ይሂድ፥ የጠወለገውን በዓይኑ ይይ፥ አፈሩንም በእጁ ጨብጦ ይመልከት፤ በራሱ መደብ የተረፈ ችግኝ ካለውም ያካፍለው። እሺ ብሎ የተጎዳውን ሰው መከራ ሊመክረው አይገባም፤ ፊት የመከረው ሰው እንደ ገና ይምከረው፤ አሁን ግን በእርሱ አፈር ላይ ቆሞ።